መለሰው እኮ

አክስቴ ስሙን ባነሳች ቁጥር የምትመርቀው አንድ ጠበቃ አለ። «እሱ እኮ የእግዜር ሰው ነው» ትላለች። ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴ ትተውት በሞቱት ቤት ወራሾቹ መስማማት ስላቃታቸው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዓመታት ፈጀና በመጨረሻ ቤቱ በሐራጅ ይሸጥ፣ ገንዘቡን ይካፈሉ ተባለ። የአክስቴን ድርሻ በውክልና የተቀበለላት ጠበቃዋ ነበር። ገንዘቡ ወጣ ከተባለበት ቀን አንስቶ እጇ እስኪገባ ድረስ ግን ሦስት ወር አለፈ።

እኔ ያኔ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ወዳለችው ጠባብ ቢሮው ስትመላለስ አንዳንዴ ታስከትለኛለች። አንዱን ሳምንት «ሰነድ አልተሟላም»፣ በሚቀጥለው «ባንክ ሲስተም የለም»፣ ከዚያ ደግሞ «የሚፈርመው ሰው ፈቃድ ላይ ነው»። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስጠብቃት ፊቷን አይቼ መልሱን አውቀው ነበር። በሦስተኛው ወር ራሱ ደውሎ ጠራትና አንዲት ሳንቲም ሳያጎድል ቆጥሮ ሰጣት። አክስቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ ወሰደችለት።

ያ ብር ሦስቱን ወር የት ከረመ? ማናችንም አልጠየቅንም። መጠየቁ ራሱ ነውር ይመስል ነበር። መለሰው እኮ!

ከዓመታት በኋላ ሕግ ተማርኩ። (ጠበቃ አልሆንኩም፤ እሱ ሌላ ታሪክ ነው።) ስለ ውክልና ስንማር አክስቴ አንድ ሁለቴ ትዝ ብላኛለች። ጥያቄውን ቁጭ ብዬ እንዳስብበት ያደረገኝ ግን የክፍል ትምህርት አይደለም። የአውሮፕላን አደጋ ነው።

* * *

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ የወደቀውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 የረሳ የለም። 157 ሰው አለቀ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ያው ዓይነት ቦይንግ 737 ማክስ፣ የላየን ኤር አውሮፕላን፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ጃቫ ባሕር ላይ ወድቆ 189 ሰው ጨርሶ ነበር። የሁለቱም አደጋ ቤተሰቦች ቦይንግን የከሰሱት ቺካጎ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው፤ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ያኔ እዚያ ነበር። የእኛን ሰዎች ጉዳይ ስከታተል የኢንዶኔዥያዎቹንም አነብ ነበር። በአምስት ወር ስለሚቀድሙ፣ የእኛዎቹ ነገ የሚገጥማቸውን ዛሬ የሚያሳዩኝ ይመስለኝ ነበር።

ቦይንግ ከብዙዎቹ ጋር ተስማምቶ ካሳ ከፈለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ እንዲህ ያለ ካሳ ከከፋዩ ተነስቶ በቀጥታ ባሏ ወደ ሞተባት ሴት እጅ አይሄድም። መጀመሪያ የሚገባው በጠበቃዋ ስም ወደተከፈተ የአደራ ሂሳብ ነው። ጠበቃው የድካሙን ድርሻ ቆርጦ የቀረውን ለባለቤቱ ያስተላልፋል። ባለቤቷ ጃካርታ ዳር ያለ መንደር ውስጥ ልጆቿን ይዛ ተቀምጣለች። ሂሳቡን አታየውም፣ ባንኩን አታውቀውም፣ የስምምነቱም ወረቀት በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ከቤተሰቦቹ ጠበቃ ጋር አብሮ ሲሠራ የነበረ የቺካጎ የሕግ ድርጅት ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ቦይንግ እንደከፈለ፣ አንዳንዶቹ ቤተሰቦች ግን ገንዘባቸውን እንዳላገኙ አስታወቀ። ዳኛ ቶማስ ዱርኪን ገንዘቡ የት እንዳለ ጠየቁ፤ መልስ ጠፋ። የጎደለው ቢያንስ 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዳኛው ጠበቃውን ፍርድ ቤት በመድፈር ጥፋተኛ ብለው የእሱንም የድርጅቱንም ንብረት አገዱ።

ጠበቃው ማን መሰላችሁ? መንገድ ላይ የተገኘ ደላላ አይደለም። ቶማስ ጂራርዲ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከ1965 ጀምሮ ስሙ የተጠራ ድርጅት ነበረው። ጁሊያ ሮበርትስ የሠራችበትን «ኤሪን ብሮኮቪች» ፊልም ያያችሁ ካላችሁ፣ የፊልሙ መነሻ የሆነውን የሂንክሊ መንደር የተበከለ ውኃ ክስ፣ በ1996 በ333 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ያለቀውን፣ ከያዙት ጠበቆች አንዱ እሱ ነበር። ሚስቱ የቴሌቪዥን ሪያሊቲ ሾው ኮከብ ናት። ፖለቲከኞች ቤቱ ይበላሉ፣ ዳኞች ግብዣው ላይ ይገኛሉ። ድሃ ሰው ትልቅ ኩባንያ ሲበድለው «ጂራርዲን ያዝ» ይባል ነበር።

ከላይ የተነሳው ድንጋይ ሥር ሌላ ብዙ ነገር ወጣ። ድርጅቱ በዚያው ወር ኪሳራ ውስጥ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ፣ ሳን ብሩኖ ላይ የጋዝ ቧንቧ ሲፈነዳ ሰውነቱ የተቃጠለ አንድ ወጣት ነበር። ለእሱ የተከፈለው ካሳ 53 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ ሳለ ጂራርዲ ለቤተሰቡ የነገራቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እሱንም ቢሆን «እኔ ጋ ይቀመጥላችሁ፣ ወለድ ያፈራል» ብሎ እየቆነጠረ ነበር የሚሰጣቸው። ዘዴው ረቂቅ አይደለም። አንድ የእቁብ ሰብሳቢ የዚህኛውን እቁብ ዕጣ በዚያኛው እቁብ መዋጮ ሲከፍል አስቡት። የዛሬው ደንበኛ ገንዘብ ለትናንቱ ደንበኛ ይከፈላል፤ የዛሬው ደግሞ የነገውን ይጠብቃል። እቁቡ እስካልተቋረጠ ድረስ ሁሉም «ዘገየ እንጂ ሰጠኝ» እያለ ይሄዳል።

እኔን ያስደነገጠኝ ስርቆቱ አይደለም፤ ሌባ የትም አለ። የአደራ ሂሳቡ ነበር፣ ሕጉ ነበር፣ የሚቆጣጠረውም የካሊፎርኒያ ጠበቆች ተቆጣጣሪ ማኅበር ነበር። በኋላ ማኅበሩ ራሱ ይፋ እንዳደረገው ከ1982 ጀምሮ በጂራርዲ ላይ 205 የአቤቱታ መዝገቦች ተከፍተው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 120ዎቹ የአደራ ሂሳቡን የሚመለከቱ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ ሕዝብ የሚያየው ፈቃዱ እንደ ንጹህ ወረቀት ነጭ ነበር። የተደረገው ማጣራት የማኅበሩ አንዳንድ ሰዎች ከእሱ ጋር በስጦታና በወዳጅነት የተሳሰሩ እንደነበሩ አሳየ። ፈቃዱ የተሰረዘው በ2022 ነው። ለፍርድ የበቃው የሎስ አንጀለሱ ክስ ነበር። በነሐሴ 2024 ጥፋተኛ ተባለ፣ በሰኔ 2025 በ86 ዓመቱ ከሰባት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። (እነዚህ ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ከዚህ በታችም ስለ ውጭ አገር ሳወራ እንዲሁ።)

ከ205ቱ አቤቱታዎች ስንቶቹ «ኋላ ከፍሎኛል» ተብለው ተዘግተው ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ድፎ ዳቦ የመጣብኝ። ከዚያ ወደ ኋላ መቆፈር ጀመርኩ፦ ለመሆኑ ጠበቃ የደንበኛውን ገንዘብ ለብቻ አስቀምጥ የተባለው መቼ ነው? ማን አለው? ምን ደርሶበት?

* * *

መልሱ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ያውም ከገመትኩት በጣም ዘግይቶ።

እንግሊዞች ሁለት ዓይነት ጠበቃ አላቸው። ባሪስተር የሚባለው ችሎት ቆሞ የሚከራከረው ነው። ሶሊሲተር ደግሞ ቢሮው ቁጭ ብሎ ውል የሚጽፍ፣ ቤት የሚያሻሽጥ፣ ኑዛዜ የሚያስቀምጥ፣ የሙት ልጅ ውርስ የሚያስተዳድር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለትንሽ ከተማ ሰው ሶሊሲተሩ ባንኩም ጭምር ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ያላትን ጥሪት ይዛ ወደ እሱ ትሄዳለች፤ እሱ በቤት መያዣ ያበድርላታል፣ በየጊዜው ወለዷን ይሰጣታል። የቤት ሰነድ፣ ቦንድ፣ የከበረ ዕቃ ካዝናው ውስጥ ነው። ይህ ሁሉ ገንዘብ የሚገባውም የሚወጣውም በአንድ የባንክ ሂሳብ፣ በሶሊሲተሩ በራሱ ሂሳብ ነበር። የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያም፣ የሥጋ ቤት ዕዳውም፣ የደንበኛው የቤት ሽያጭ ገንዘብም እዚያው። ሕገ ወጥ አልነበረም። ዲከንስ በ1849 እና 1850 ባወጣው «ዴቪድ ኮፐርፊልድ» ውስጥ በጠበቃ ቢሮ የደንበኞችን ገንዘብ የሚቦጠቡጠው ዩራያ ሂፕ አንባቢውን ያናደደው፣ የሚያውቁት ዓይነት ሰው ስለነበረ ይመስለኛል።

እናቶቻችን ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ ሲቀላቀል ሰርገኛ ይሉታል። ሰርገኛ ከሆነ በኋላ ፍሬ በፍሬ ለቅሞ «ይሄ የእገሊት፣ ይሄ የእገሌ» የሚል የለም። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች መቶ ዓመት ያህል የታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

በጣም የምወደው የሃሌት ጉዳይ ነው፤ በ1880 የተወሰነ። ሃሌት ሶሊሲተር ነበር። አንዲት ደንበኛው እንዲያስቀምጥላት የሰጠችውን ቦንዶች ሳታውቅ ሸጠና ገንዘቡን ከራሱ ጋር ደባለቀው። በዚያው ሂሳብ ውስጥ በባለአደራነት ከያዘው ከጋብቻ ውል የመጣ ገንዘብም ነበረበት። ከዚያ ከሂሳቡ እያወጣ ይኖር ነበር። ሲሞት ዕዳው ከሀብቱ በላጭ ሆኖ ተገኘ። ባንክ ውስጥ ግን ጥቂት ገንዘብ ቀርቷል። የማን ነው? አበዳሪዎቹ «የሟች ነው፣ ለሁላችንም በእኩል ይከፋፈል» አሉ። ባለአደራዎቹ ደግሞ «የእኛ ነው፣ ዕዳ መክፈያ አይደለም» አሉ።

የቆየ መመሪያ ነበር፤ ከ1816 የክሌይተን ጉዳይ የመጣ። መጀመሪያ የገባ ገንዘብ መጀመሪያ ይወጣል፣ ወረፋ እንደ መያዝ። በዚህ ቢኬድ ከአደራው ብዙው ተበልቷል ማለት ነው። ዳኛው ሰር ጆርጅ ጄሰል ግን ሌላ መንገድ ያዙ። አንድ ሰው አንድን ነገር በታማኝነትም በክህደትም ሊያደርገው ይችል ከነበረ በታማኝነት አድርጎታል ተብሎ ይቆጠራል አሉ። ስለዚህ ሃሌት ሲያወጣ የኖረው የራሱን ገንዘብ ነው፤ የተረፈው አደራው ነው።

ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሰውዬው እኮ ቦንዱን በድብቅ የሸጠ ነው! ግን ዘዴው ገባኝ። ጄሰል የሞተውን ሰው በግድ ታማኝ አደረጉት፣ የከዳቸው ሰዎች ገንዘባቸውን እንዲያገኙ። የሚያሳዝነው መመሪያው የሚሠራው የተረፈ ካለ ብቻ ነው። ሂሳቡ አንዴ ባዶ ከሆነ፣ በኋላ የገባው የራሱ ገንዘብ የአንቺ ነው አይባልልሽም። ሰርገኛውን መለየት ተቻለ፤ የተፈጨውንና የተጋገረውን ግን አይደለም።

ታዲያ ለምን ከመጀመሪያው ለይታችሁ አትይዙም አልተባሉም? ተባሉ። አልፈለጉም። እኛ የተከበርን ሰዎች ነን፣ ሌባ ጥቂቱ ነው፣ በሌባው ምክንያት የሁላችንም መዝገብ አይበርበር የሚል ስሜት ነበር የነገሠው።

ከዚያ ቤንጃሚን ግሪን ሌክ መጣ። ሌክ የሶሊሲተሮቹ ማኅበር፣ የሎው ሶሳይቲ፣ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው ነው። ከዚህም አልፎ ያጠፉ ጠበቆችን የሚመረምረውን የሥነ ምግባር ኮሚቴ መርቷል። ከፊቱ የቀረቡት ባልደረቦቹ የደንበኛ ገንዘብ በማጥፋት ሲወነጀሉ ሰምቷል፣ ፈርዷል። በ1901 መጀመሪያ ለንደን ውስጥ ኦልድ ቤይሊ የተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የቆመው እሱ ራሱ ነበር። የደንበኞቹን ገንዘብ በማጥፋት ተከሶ 12 ዓመት ከባድ እስራት ተፈረደበት።

በዚያው ዓመት አንድ የወንጀል ሕግ ተሻሻለ። የ1861ዱ ሕግ በአደራ የተሰጠውን ገንዘብ ለራሱ ያዋለን ጠበቃ ለመቅጣት፣ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ደንበኛው በጽሑፍ ያዘዘበት ወረቀት ይፈልግ ነበር። አስቡት፤ የሚያምን ሰው ነው እንዴ ወረቀት የሚጽፈው? ይበልጥ ያመነው ይበልጥ ሳይጠበቅ ይቀራል። የ1901ዱ ሕግ ይህን የጽሑፍ ነገር አነሳው። ሂሳብ የመለየት ግዴታ ግን ገና ነው። የማኅበራቸው ፕሬዚዳንት ወህኒ ወርዶ እንኳን ከ30 ዓመት በላይ ተከራከሩበት። በመጨረሻ በ1933 አዋጅ ወጣ፣ ደንቡ በ1935 ሥራ ላይ ዋለ። በ1941 ደግሞ ጠበቃው ያጠፋባቸውን ደንበኞች የሚክስ፣ ከጠበቆቹ ሁሉ በሚዋጣ ገንዘብ የሚቆም ፈንድ በሕግ ተደነገገ። እኛ ንጹህ ነን ያሉት የሌባውን ዕዳ አብረው ይከፍሉ ጀመር። ከዚያ በኋላ እርስ በርስ መጠባበቁ የራሳቸው ጥቅም ሆነ።

ደንቡ ሲታይ ቀላል ነው። የደንበኛ ገንዘብ በተቀበልክ ጊዜ ሳትዘገይ የደንበኛ ተብሎ በተከፈተ ሂሳብ አስገባ። የራስህን እዚያ አታስገባ። አሥር ደንበኛ ካለህ ባንክ ያለው ሂሳብ አንድ ሊሆን ይችላል፣ መዝገብህ ላይ ግን አሥር ገጽ ይኑርህ፤ ከከበደች ገጽ ለታደሰ አንዲት ብር አትክፈል። ባንኩ የሚልህ፣ ዋናው መዝገብህ የሚልህና የአሥሩ ገጾች ድምር እኩል ይምጡ። ገንዘብ ያልሆነውን፣ የቤት ካርታውን፣ ወርቁን፣ ኑዛዜውን፣ የማን እንደሆነ ምልክት አድርገህ ቆልፍበት። ሁለተኛ ዓመት የሒሳብ አያያዝ ተማሪ የሚችለው ነገር ነው።

* * *

ይሄ ሁሉ ግን አክስቴ ጥያቄ ላይ አልደረሰም። ሃሌት ሳይመልስ ሞተ፤ ሌክ ሳይመልስ ታሰረ። መልሶ ያስረከበውስ?

ይህን ፊት ለፊት የመለሰው ፍርድ ቤት፣ እኔ እስካነበብኩት፣ የኒው ጀርሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ዓመቱ 1979፣ የጉዳዩ ስም ዊልሰን። ፍርዱን የጻፉት በዚያው ዓመት የተሾሙት ዋና ዳኛ ሮበርት ዊለንትዝ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ፍርድ ቤቱ የደንበኛ ገንዘብ የነካ ጠበቃ ሲቀርብለት ያመዛዝን ነበር፦ መልሷል ወይ? ታሞ ነበር? ቤተሰቡ ችግር ላይ ነበር? ከዚህ በፊት ስሙ ያማረ ነበር? ዊለንትዝ ያንን በር ዘጉት። እያወቀ የደንበኛውን ገንዘብ የተጠቀመ ጠበቃ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ከዚህ የሚያመልጥ ከተገኘም እጅግ ጥቂት ነው። ልመልሰው አስቤ ነበር ማለት አያድንም። መልሼዋለሁ ማለትም አያድንም። ከገንዘቡ ለራሴ ምንም አልተጠቀምኩም ማለትም እንዲሁ። በኒው ጀርሲ ደግሞ ያኔ የተሰረዘ ፈቃድ ዕድሜ ልክ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ጭካኔ መሰለኝ። ደግሜ ሳነበው ምክንያቱ ገባኝ። ደንበኛው ገንዘቡን ለጠበቃው የሚሰጠው ሰውዬውን መርምሮ አይደለም። አብዛኛው ሰው ጠበቃውን አያውቀውም። የሚያምነው ሙያውን ነው። «ጠበቃ ነው» በሚለው ቃል ብቻ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ያስረክባል። እናም አደራው የጎደለው ገንዘቡ ሳይመለስ የቀረ ቀን ሳይሆን ባለቤቱ ሳያውቅ የወጣ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ መመለሱ በጠበቃው ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ንግዱ ቢሳካለት ታማኝ ይባላል፤ ባይሳካለት አደራ በላ። ደንበኛዋ ሳታውቅ የገባችበት ቁማር ግን ያው አንድ ነው።

ይህ ሕግ ማንን እንደሚመታ ካየሁ በኋላ ግን እንደገና ልቤ ተከፈለ። በ2022 ያው ፍርድ ቤት አንዲት ጠበቃ ቀረበችለት። ለዓመታት ስትሠራ አንድም ነቀፋ ያልነበረባት ሰው ናት። በድንገተኛ ኦዲት መዝገቧ ሲታይ ከአደራ ሂሳቡ እየወሰደች መልሳ እየተካች ቆይታለች። ማንም ደንበኛ አንዲት ሳንቲም አልጎደለበትም። ስትጠየቅ አልካደችም። ሁሉም «ይህችን እንኳን ይማሯት ይሆናል» ብሎ ጠብቆ ነበር። ፍርድ ቤቱ ፈቃዷን ሰረዘ። የዊልሰን መመሪያ ይቆያል አለ። ግን አንድ ነገር አከለ፦ መሰረዝ ዕድሜ ልክ መሆን አለበት ወይ የሚለው ይጠና። በ2024 መልስ ወጣ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ልመለስ ብሎ ማመልከት ተፈቀደ። መመለሱ እርግጠኛ አይደለም፣ መጠየቅ ብቻ ነው።

እኔ ምን እላለሁ? ሴትዮዋ ታሳዝነኛለች። ፍርዱ ግን ትክክል ይመስለኛል። ጂራርዲም በ1982 የመጀመሪያዎቹ አቤቱታዎች ሲቀርቡበት «ዘገየ እንጂ ከፈለ» ከሚባሉት አንዱ ሊሆን ይችል ነበር። ማን ይለያል?

ስለ ወለድ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። አደራ ሂሳብ ውስጥ የሚከርም ገንዘብ ትንሽ ወይም ለጥቂት ቀን ብቻ ሲሆን የእያንዳንዱ ደንበኛ ወለድ ለማስላት እንኳን አይበቃም። የሁሉም ሲደመር ግን ብዙ ነው፤ ድሮ የሚጠቀምበት ባንኩ ነበር። ከ1981 ጀምሮ ፍሎሪዳ፣ ከዚያም ሌሎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ያንን ወለድ ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች የሕግ ድጋፍ እንዲውል አደረጉ። «ገንዘቤን ያለፈቃዴ» ብለው የከሰሱ ነበሩ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2003 አሠራሩ ጸና። ከቤት ልትባረር የነበረች እናት ነጻ ጠበቃ ስታገኝ፣ ደሞዙ አንዳንዴ የሚመጣው ከማያውቋት ሰዎች የሦስትና አራት ቀን ወለድ ነው።

* * *

ወደ አገር ቤት ልመለስ። እኛ ይህ ነገር ባዕድ አይደለም፤ ቃሉ ራሱ «አደራ» እኮ ነው። ፍትሐ ነገሥት ስለ አደራ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በላ ልበልሃ ብለው ዛፍ ሥር በሚሟገቱበት ዘመን ነገር አዋቂው ተሟጋች ክብሩ አንደበቱ ነበር። ነገረ ፈጅ የሚለው ቃል ዛሬም የሚያስደስተኝ ለዚህ ነው፤ ነገርን የሚፈጅ፣ የሚጨርስ። የሰው ገንዘብ ይዞ መቀመጥ ግን የነገረ ፈጁ ዋና ሥራ አልነበረም። ነገሩ የተቀየረው ሙግቱ ወረቀት፣ ወረቀቱ ውክልና፣ ውክልናው ቼክ ሲሆን ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ውክልና የሚለውን ደግሜ አነበብኩት። ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ታማኝ መሆን አለበት። በውክልናው ምክንያት የተቀበለውን ገንዘብ ሁሉ ሂሳብ ማቅረብ አለበት። ለራሱ ጥቅም ያዋለው ካለ ወለድ ይከፍላል። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ከወንጀሉ ወገን ደግሞ እምነት ማጉደል አለ። አሜሪካና አረብ አገር ያሉ ወገኖቻችን ቤት አሽጥልኝ፣ ውርስ ተቀበልልኝ ብለው በየኤምባሲው ውክልና ሲፈርሙ፣ በዚያች ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አብሮ ተጽፏል ማለት ነው። የሚያነበው ጥቂት ነው እንጂ።

በ2013 ዓ.ም. የወጣው የጥብቅና አዋጅ፣ ቁጥር 1249፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ። ጠበቆች በአንድ ድርጅት ሥር ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቀደ። እስከዚያ ጠበቃ ብቻውን፣ በአንዲት ቢሮ፣ በአንድ ስም ነበር። ድርጅት ሲመጣ ትልቅ ጉዳይ ይመጣል፤ ትልቅ ጉዳይ ሲመጣ የሰው ትልቅ ገንዘብ ቢሮ ውስጥ ያድራል። ካሊፎርኒያ ጠበቆቿ የአደራ ሂሳባቸውን በየዓመቱ እንዲያስመዘግቡ ያስገደደችው በ2023 ነው፣ ከጂራርዲ በኋላ። እንግሊዞች ከሌክ በኋላ 30 ዓመት ፈጅቶባቸዋል። እኛ የራሳችንን ሌክ እስክናገኝ እንጠብቅ ይሆን?

ባለፈው ሰንበት አክስቴ ጋ ሄጄ ቡና እየተፈላ ይሄን ሁሉ አወራኋት። ስለ ጂራርዲ ስነግራት «እግዚኦ! የአባት የለሽ ልጆች ገንዘብ?» ብላ አማተበች። የኒው ጀርሲዋ ሴትዮ ላይ ስደርስ ግን ተቆጣች።

«መልሳ የለም እንዴ? ታዲያ ምን አድርጊ ነው የሚሏት?»

«ሳይጠይቁ መውሰዷ ነው አክስቴ። መመለሷ አይደለም ጥያቄው።»

ዝም አለች። ሁለተኛውን ቀዳች፤ ስኳሩን ረስታው ነበር።

«አንቺ ልጅ» አለችኝ ቆይታ፣ «ያ ሰውዬ የኔን ብር ሦስት ወር ምን ሠርቶበት ይሆን?»

«እኔ አላውቅም።»

«ቤት ጀምሮ ነበር መሰለኝ ያኔ። ሲኤምሲ።» ሲኒውን አስቀመጠች። «ድፎ ዳቦውን እኮ እዚያው አጥሩ በር ላይ ነው የተቀበለኝ።»